አሮጌ ታንኳ መቼ ይገዛል?

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ ሰው ዛሬ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄደው በየብስ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን ሲያቀኑ ግን ቦታው ደሴት ነበር። ለደሴት ነዋሪ ጀልባ ማለት ለእኛ መንገድ ማለት ነው፤ እህሉም እንግዳውም በውኃ ላይ ይመጣል። ኋላ ውኃው ሸሽቶ አንድ የመሬት ምላስ ደሴቱን ከዳር አገናኘው፤ የገዳሙም የጀልባ ችግር በዚያው ተቃለለ። ሐይቁ ራሱ ግን ጀልባ መፈለጉን አልተወም። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከተጨመረበት ወዲህ ማስገር አንድ የመተዳደሪያ ሥራ ሆኗል።

እንግዲህ ጀልባ የሚፈልግ ሰው፣ አዲስ ማሠራቱ ከብዶት፣ ያገለገለ ገዝቶ ቢያድሰው ያዋጣዋል? መኪና ወይም የልብስ ስፌት መኪና ቢሆን መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። የጀልባ መልስ ግን ከዋጋው በፊት በአሠራሩ ላይ ይወሰናል። ይህን ለማየት ሁለት በጣም የሚራራቁ ጀልባዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይረዳል፤ አንደኛው የጣና ታንኳ ነው፣ ሁለተኛው በሰሜን አሜሪካ ካኑ የሚሉት በእንጨትና በሸራ የሚሠራ ጀልባ።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቅ ዳር የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም ተክል ሲሆን ግንዱ ሦስት ማዕዘን አለው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ነው። ተቆርጦ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰርና ነዶዎቹ እርስ በርስ ይጠፈራሉ፤ ጫፎቹ ወደ ላይ ይቀለበሳሉ። በዚህ ሙያ ለረጅም ዘመን የሚታወቁት በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው።

አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ ይህ ጀልባ ውኃ አያግድም። ውኃው በነዶዎቹ መሃል እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ ተሳፋሪው ደረቅ ሆኖ የሚቀመጠው ከላይ በተደራረበው ደንገል ላይ ነው። ታንኳው የሚንሳፈፈው እንደ ሳህን ውኃን ከውስጡ ስላስወጣ ሳይሆን የተሠራበት ነገር ራሱ ከውኃ ስለሚቀል ነው። ስለዚህ ቢነደል አይሰምጥም። አደጋ ቢያጋጥም እንዲህ ያለ ጀልባ ይመረጣል።

ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በግንዱ ውስጥ ያለውን አየር ውኃ ቀስ በቀስ ይተካዋል፤ ታንኳውም እየከበደ ወደ ታች ይወርዳል። ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ከውኃ አውጥቶ እንዲደርቅ የሚያቆመው ለዚህ ነው። ሆኖም ማርጠብና ማድረቅ እየተፈራረቁ ክሩን ያደክሙታል፤ መበስበስም ይጀምራል። ዕድሜው እንደ አያያዙ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ቅርጹን የሚይዘው፣ ክብደት የሚሸከመው፣ የሚያንሳፍፈው ያው ደንገል ስለሆነ አንዱ ተግባር ሲደክም ሌሎቹም አብረው ይደክማሉ። የደከመውን ነዶ ነቅሎ አዲስ ማስገባት ማለት ማሰሪያውን ሁሉ መፍታት ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አዲስ ከመሥራት አይተናነስም። ስለዚህ አሮጌ ታንኳ ገበያ የለውም። ደንገሉ በነፃ ወይም በርካሽ በሚገኝበት፣ ሙያውም በእጅ ባለበት አገር ገበያው ቢኖር ነበር የሚገርመው።

ማሰሪያው ምን ያህል ሸክም እንደሚይዝ በግልጽ የታየው ከጣና ርቆ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 (እ.ኤ.አ.) 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና አስቆርጦ ወደ ግብፅ አስጫነ። በፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን መርከብ ሠሩለትና ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣ። ደንገሉ ሳምንታትን ቻለ፤ የኋለኛው ጫፍ ግን እየሰመጠ ሄዶ ተጓዦቹ ከሳምንታት ጉዞ በኋላ መርከቧን ጥለው ወጡ። ጥንታዊዎቹ የግብፅ ሥዕሎች የኋላውን ጫፍ ከመርከቧ ወለል ጋር የሚወጥር ገመድ ያሳያሉ፤ የዚያ ገመድ ተግባር የተስተዋለው ዘግይቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት «ራ ሁለት» የተባለችውን በቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች እጅ አሠርቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የተለወጠው አተሳሰሩ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጀልባ እንሻገር። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ካኑ የሚሠሩት ከበርች ዛፍ ቅርፊት ነበር። አሠራሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ቅርፊቱ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ ስስ ጣውላ ከውስጥ ይነጠፍበታል፤ በመጨረሻ የታጠፉ ጎድኖች በግፊት ገብተው ሁሉንም ይወጥራሉ። ቅርፊቱ ከተነሣ የቀረው ይፈርሳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጨረሻ አሥርት ዓመታት፣ በአሜሪካ ሜይን ግዛት በፔኖብስኮት ወንዝ አካባቢ፣ ሠሪዎች በቅርፊቱ ፋንታ የጥጥ ሸራ መጠቀም ጀመሩ። ትልልቅ በርቾች እየተመናመኑ ነበር፤ የጥጥ ፋብሪካዎች ደግሞ ወፍራም ሸራ በርካሽ ያወጡ ነበር። በዚያው ወንዝ ዳር ያለችው የኦልድ ታውን ከተማ ስሟን የሰጠችው ኩባንያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተነሥቶ እነዚህን ጀልባዎች በብዛት አመረተ።

ለእኛ ጥያቄ ግን ትልቁ ለውጥ ሸራው አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል መገልበጡ ነው። ሠሪው በቅድሚያ የጀልባውን ቅርጽ የያዘ ጠንካራ የእንጨት ሞልድ ያዘጋጃል። ጎድኖቹን በእንፋሎት አለስልሶ በሞልዱ ላይ ያጥፋል። በላያቸው 4 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሳሳ የሴዳር ጣውላ (ሴዳር ከጥድ ጋር የሚቀራረብ ቀላል እንጨት ነው) በትንንሽ የናስ ሚስማር ይመታል። በሞልዱ ላይ በየጎድኑ ሥር የብረት ቀበቶ ስላለ የሚስማሩ ጫፍ ብረቱን ሲነካ ተመልሶ እንጨቱን ይነክሳል፤ አይነቀልም። ሸራው የሚለብሰው ከሁሉ በኋላ ነው። መጨረሻ የገባ ደግሞ መጀመሪያ ይወጣል፤ ሸራውን ገፍፎ መጣል ይቻላል፣ እንጨቱም ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። በማሲንቆ የሚያጫውት ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ቆዳው ሲቀደድ ሌላ ይወጠራል እንጂ የአምባሰልን ቅኝት የለመደው ገላ አይጣልም።

በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት አለ፤ ውኃ አያግዱም። ውኃውን የሚያግደው ሸራው ብቻ ነው፣ ቅርጹን የሚይዘው ደግሞ እንጨቱ ብቻ። በታንኳው በአንድ ደንገል ላይ የተጫነው ሥራ እዚህ ለሁለት ተከፍሏል። ሸራው ሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ እንጨቱ ከተጠበቀ ከመቶ ዓመት ያልፋል። የሰማንያ ዓመት ካኑ ዛሬም የሚሸጠውና የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ከታወቀ ገዢው ምን ማየት እንዳለበት በራሱ ይገለጣል፤ ሆኖም አብዛኛው ሰው የሚያየው ተቃራኒውን ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በተሰነጣጠቀው ቀለምና በተቀደደው ሸራ ላይ ነው፤ እነዚህ ግን በማንኛውም ሁኔታ የሚጣሉ ናቸው። መመርመር ያለባቸው ሁለቱ ጫፎች ናቸው። ካኑ ክረምቱን ተደፍቶ መሬት ላይ ሲያድር ጫፎቹ ከእርጥብ አፈር ጋር ይገናኛሉ፤ ውኃም ከላይኛው ጠርዝ ሥር ይቋጥራል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ከእንጨቱ ክብደት 20 በመቶ ያህል ያለፈ እርጥበት ይፈልጋልና መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቢላዋ ሲነካው እንደ ቂጣ የሚገባ ከሆነ ጫፉ መቀየር አለበት። ቀጥሎ የተሰበሩ ጎድኖች ይቆጠራሉ። ከዚያ ከአንድ ጫፍ ሆኖ በሆዱ መስመር ማየት ነው፤ መሃሉ ወደ ውስጥ የጎበጠ ጀልባ ያለ አግባብ ተቀምጦ ከርሟል፣ ጉብጠቱንም ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመበስበስ ይከፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋይበር ግላስ ሲስፋፋ ብዙ ባለቤቶች ሸራውን አንሥተው ፋይበር ግላሱን በእንጨቱ ላይ በቀጥታ ለጠፉት። ለዘለቄታው የጠገኑት መስሏቸው ነበር። ፋይበር ግላስ ከእንጨቱ ጋር አንድ አካል ስለሚሆን የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ልላጠው ሲባልም ጣውላውን ይዞ ይነሣል። የተለያዩት ሁለት ሥራዎች እንደገና ተጣበቁ፤ ካኑው በዚህ ረገድ ወደ ታንኳው ተመለሰ ማለት ይቻላል።

እድሳቱ የውጩን ጠርዝ በመንቀልና ሸራውን በመግፈፍ ይጀምራል። የተሰበረ ጎድን ሲቀየር አዲሱ ቁራጭ ለሃያ ደቂቃ ያህል በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ ይቆያል። ሙቀቱ ሊግኒንን፣ ማለትም የእንጨቱን ክሮች እንደ ሙጫ የሚያያይዘውን ነገር፣ ያለዝበዋል። በሐይቅ ከተማ ቢሠራ ጥቂት መጨመር ያሻል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነውና። የለሰለሰው ጎድን በጀልባው ውጫዊ ገላ ላይ፣ በሚገባበት ቦታ አጠገብ፣ ተጭኖ ይታጠፋል። ስለዚህ ጠጋኙ ሞልድ አያስፈልገውም፤ ጀልባው ራሱ ሞልድ ይሆነዋል። ሚስማሩን ሲመታ በሌላ እጁ ከውስጥ ከባድ ብረት ይደግፋል፤ ያ ብረት የሞልዱን ቀበቶ ተክቶ የሚስማሩን ጫፍ ይመልሰዋል።

ቀጥሎ ሸራው ለሁለት ታጥፎ እንደ ጨቅላ አንቀልባ በሁለት ምሰሶዎች መሃል ይንጠለጠላል፤ ካኑው ይገባበትና ሸራው በዊንች ይወጠራል። ከመሃል ወደ ጫፍ እየተሄደ በጎድኖቹ ራስ ላይ ይመታል። ከዳር ቢጀመር ትርፉ ጨርቅ መሃል ላይ ተሰብስቦ ይጨማደዳል።

ባዶ ሸራ ግን ውኃ ያሳልፋል። ቀዳዳዎቹን የሚደፍነው ከተልባ ዘይትና ከደቀቀ የሲሊካ ዱቄት የሚለወስ ልስን ነው። ቀድሞ ሻጋታን እንዲከላከል ነጭ እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ መርዛማነቱ ሲታወቅ በሌላ ተተካ። እዚህ ላይ ወሎዬ አንባቢ የሚያውቀው ነገር ይገጥመዋል፤ ከተልባ የሚወጣው ዘይት ከማብሰያ ዘይት የሚለየው በመድረቁ ነው። እንደ ውኃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ። የኑግ ዘይትም ይህ ባሕርይ በመጠኑ አለው። ኦክሲጅን በውፍረቱ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ልስኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይተዋል፤ ተቻኩሎ ቀለም የቀባ ሰው በኋላ ሲሰነጣጠቅ ያያል። ይኸው ሂደት ሙቀት ያመነጫል፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላልና ዘርግቶ ማድረቅ የግድ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለሐይቅ ምን ይሆናል? የውኃው ጠባይ ከጣና ይለያል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ በአማካይ ከ10 ሜትር አይበልጥም፤ ዳር ዳሩን ታንኳ በረጅም ቀርከሃ መሬት እየተገፋ ይሄዳል። የሐይቅ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ የሚገፋ መሬት የለም። ለመቅዘፊያ የተሠራ ቀጭን ገላ እዚህ የተሻለ ይስማማል። በጣናም ቢሆን የታንኳው ስሌት እየተናጋ ነው፤ የሐይቁ ዳር ለእርሻ ሲታረስና ደንገሉ ሲመነምን በየዓመቱ አዲስ መሥራት እንደ ቀድሞው ርካሽ አይሆንም።

በዕቃ በኩል ተልባው አለ። በእንጨት በኩል ጥድ፣ ዝግባና ዋንዛ ከሴዳር ይከብዳሉ፤ በአገራችንም ለረጅም ጊዜ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸው፤ ሆኖም አንድ ካኑ የሚፈልገው እንጨት ጥቂት ነው፤ ሙሉ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነውና። ሸራው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዛሬ በገበያችን ሸራ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ፕላስቲክ ነው፣ ልስኑ ደግሞ የሚይዘው በጥጥ ላይ ነው።

ማስረጃዎቹን አንድ ላይ ሳያቸው፣ በእኔ ግምት ዋናው እንቅፋት ዕቃው አይደለም፤ ሞልዱ ነው። እሱን ሠርቶ አንድ ጀልባ ብቻ ማውጣት አያዋጣም፤ የኦልድ ታውን ኩባንያ የተጠቀመው በአንዱ ሞልድ በርካታ ጀልባ ስላወጣበት ነው። እዚህ ላይ አሮጌ ጀልባ ከጀልባነቱ ሌላ ዋጋ ያገኛል። ሆዱ ያልጎበጠ፣ ጫፉ ቢበሰብስ እንኳ መሃሉ ደህና የሆነ ካኑ ሸራው ተገፍፎ ቅርጹ በየጎድኑ ሊለካ ይችላል፤ አናጺም ከዚያ ልክ ተነሥቶ ሞልዱን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ጀልባውም ታድሶ ወደ ውኃው ይመለሳል።