የመብራት ታሪፍና የጋራ ቆጣሪ

በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት የመብራት ዋጋ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ ቆይቷል። በዚያ ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር፤ ከ500 በላይ የሚጠቀመው እንኳ የሚከፍለው 70 ሳንቲም አይሞላም ነበር። ገንዘቡ ለማመንጫ፣ ለመስመርና ለትራንስፎርመር የወጣውን ወጪ አይመልስም ነበርና ልዩነቱ በመንግሥት ድርጅት ላይ ዕዳ ሆኖ ተከማቸ። ሸማቹም ቢሆን ርካሹን ዋጋ በነፃ አላገኘውም፤ መስመሩ በወቅቱ ባለመታደሱ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማና ከሰል ሲገዛ ኖሯል።

በ2006 ዓ.ም. መብራት ኃይል ለሁለት ተከፈለ። ማመንጨቱንና ከፍተኛውን መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉንና ሽያጩን ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያዙ። ሁለቱም የመንግሥት ስለሆኑ ደንበኛው ሻጭ አያማርጥም፤ ማሻሻያው ቤቱ የሚገባው በታሪፍ በኩል ነው። ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ዋጋው በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ሲደረግ፣ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማያልፉት ግን ባሉበት ቀሩ። በመስከረም 2017 የተጀመረው ሁለተኛው የአራት ዓመት ማሻሻያ ደግሞ ጭማሪውን በየሦስት ወሩ ከፋፍሎታል።

ሐሳቡ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት የሚጠቀም ይደጎም ነው። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ችግሩ የሚመጣው ከምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት አምስት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤተሰብ በወር 40 ያህሉን በምጣዱ ብቻ ይጨርሳል። ከ50ው ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለምድጃ የሚተርፈው አሥር ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ በአንድ ግቢ የሚኖሩ አከራይና ተከራዮች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። አራት አባወራዎች እያንዳንዳቸው 50 ቢጠቀሙ ቆጣሪው 200 ያነባል፤ ታሪፉም እንደ አንድ ባለ ብዙ ፍጆታ ደንበኛ ያስባቸዋል። በዚህ የተነሳ አከራዩ ምጣድ ይከለክላል፣ ወይም ለመጋገሪያ የተለየ ሒሳብ ይጠይቃል። ተከራይዋ ያላት ምርጫ ከሱቅ እንጀራ መግዛት ወይም ከሰል ማቀጣጠል ነው። የከሰሉ ወጪ ከመብራቱ ሒሳብ ላይ ስለማይታይ ማሻሻያው ያስከተለው ጫና ከእውነተኛው አንሶ ይገመታል። ከዚህም በላይ ቤተሰቦችን ከእንጨትና ከኩበት ወደ ኤሌክትሪክ የማሻገሩ ዕቅድ ወደ ኋላ ይጎተታል።

ታሪፍ መጨመሩ አይቀሬ ነበር፤ በኪሣራ የሚሸጥ ኃይል መስመሩን አያሳድስም። ድጎማው ግን የሚቆጠረው በቆጣሪ እስከሆነ ድረስ ለታሰበለት ደሃ ተከራይ የሚደርሰው የራሱ ቆጣሪ ሲገባለት ብቻ ነው።