ግራምብሊንግን ያልለቀቁት አሰልጣኝ

ኤዲ ሮቢንሰን በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ ግራምብሊንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ባለ የጥቁሮች ኮሌጅ የፉትቦል ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነው የተቀጠሩት በ1941 ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራውን ያስረከቡት በ1997 ነው። በዚህ መሀል ዋይት ሀውስ 11 ፕሬዚዳንቶችን አፈራርቋል፤ እርሳቸው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጨዋታውን ካቋረጠባቸው ሁለት ዓመታት በቀር ከዚያው ቡድን አልተለዩም። 408 ጊዜ አሸንፈው፣ 165 ጊዜ ተሸንፈው፣ 15 ጊዜ አቻ ወጥተዋል።

የአሜሪካ ፉትቦል ከእኛ እግር ኳስ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በ11 ተጫዋቾች የተደራጁ ሁለት ቡድኖች 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ግድም በሚረዝም ሜዳ ላይ ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ወይም እየወረወሩ ወደ ተጋጣሚ ክልል ይገፋሉ። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ አሥር ያርድ ካልተራመደ ኳሱን ያስረክባል። ማጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ሲሆን ኳሱን ማን እንደሚይዝ፣ ለማን እንደሚወረወር በሰከንዶች ውስጥ የሚወስነው እሱ ነው። የኮሌጁ ፉትቦል እጅግ ብዙ ተመልካች አለው፤ በብዙ ግዛቶችም ከመንግሥት ተቀጣሪዎች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል አሰልጣኝ ነው። የሮቢንሰን የመጀመሪያ ደመወዝ ግን በወር 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር።

ሮቢንሰን በ1919 በሉዊዚያና ጃክሰን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ገበሬ፣ እናታቸው የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ያደጉት በባተን ሩዥ ነው። ትልቁ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ከተማ ቢሆንም በዘር መለያየት ሕግ ምክንያት ለጥቁር ተማሪ በሩ ዝግ ነበርና፣ ሌላንድ በሚባል አነስተኛ የጥቁሮች ኮሌጅ ተምረው፣ በኳርተርባክነትም ተጫውተው ተመረቁ። የዲግሪው ወረቀት ግን ወዲያው ሥራ አላስገኘላቸውም። የከብት መኖ በሚፈጭ ወፍጮ ቤት በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈላቸው ሳለ ነው ግራምብሊንግ አሰልጣኝ እንደሚፈልግ በዘመድ በኩል የሰሙት። የቀጠሯቸው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ጆንስ ራሳቸው የቤዝቦል ቡድኑ አሰልጣኝ ነበሩ። እንዲያ ባለ ተቋም ውስጥ አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ይዞ አይቀመጥም።

ሮቢንሰንም የሜዳውን ሣር ያጭዱ፣ መስመሩን ያሰምሩ፣ የተጎዳ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት ያስሩ፣ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ውጤቱን ጽፈው ለጋዜጦች ይልኩ ነበር። ለጉዞ ሲነሱ ዳቦ እየቆረጡ ሳንድዊች ያዘጋጃሉ፤ በደቡብ ግዛቶች መንገድ ላይ ያሉ ምግብ ቤቶች ጥቁር አያስተናግዱምና። የመጀመሪያው ዓመት በሦስት ድልና በአምስት ሽንፈት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1942፣ ዘጠኙንም ጨዋታ አሸነፉ፤ አንድም ነጥብ አልተቆጠረባቸውም። ያን የመሰለ ውጤት በየትኛውም ደረጃ እምብዛም አይታይም።

ጦርነቱ የኮሌጁን ፉትቦል ሲያቆመው የከተማዋን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ያዙ። አንድ አባት ልጆቻቸውን ለጥጥ ለቀማ ፈልገው ከቡድኑ ባስወጡ ጊዜ ሮቢንሰን ሙግት አልገጠሙም። የቀሩትን ተጫዋቾች ሰብስበው እርሻው ድረስ ሄዱና ከልጆቹ ጋር አብረው ጥጡን ለቀሙ። ለቀማው አለቀ፣ ልጆቹም ወደ ሜዳ ተመለሱ። ቡድኑ በኋላ ሻምፒዮን ሆነ።

በኮሌጁም ቢሆን ሥራቸው ከሜዳው መስመር ይሻገር ነበር። ማለዳ ቃጭል ይዘው በተማሪዎቹ ማደሪያ እየዞሩ ተጫዋቾቻቸውን ለቁርስና ለትምህርት ይቀሰቅሷቸዋል። ለወላጅ እናቶች ልጅዎን አስመርቃለሁ ብለው የሰጡትን ቃል ከዋንጫ ባልተናነሰ ይቆጥሩት ነበር።

ግራምብሊንግን በመላ አገሪቱ ያሳወቁት ተጫዋቾቹ ናቸው። በ1949 ታንክ ያንገር የሎስ አንጀለስ ራምስን ሲቀላቀል ከጥቁሮች ኮሌጅ ወጥቶ በብሔራዊ ፉትቦል ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አሰልጣኙ እሱ ካልተሳካለት ከኋላው ለሚመጡት በሩ ሊዘጋ እንደሚችል ነግረው ነው የሸኙት። ያንገር ተሳካለት፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1963 በክ ቡካናን በሌላኛው የሙያተኞች ሊግ፣ በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት ከሁሉም ቀድሞ ተመረጠ። ሮቢንሰን እስኪሰናበቱ ድረስ ከ200 በላይ ተጫዋቾቻቸው ወደ ሙያተኞቹ ሊጎች ገብተዋል። ቡድኑ በ1968 ኒው ዮርክ በያንኪ ስታዲየም ሲጫወት ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተመለከተው።

አንድ ቦታ ግን ለጥቁሮች ጠቦ ቆይቶ ነበር። የሙያተኞቹ ክለቦች ጥቁር ሯጭና ጥቁር ተከላካይ በደስታ ሲወስዱ፣ ኳርተርባክነት ጭንቅላት ይጠይቃል በሚል ንቀት የመሪነቱን ቦታ ይነፍጉ ነበር። ጥሩ ኳርተርባክ የነበረ ጥቁር ወጣት ክለብ ሲገባ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ሮቢንሰን ይህን ለመስበር ሆን ብለው ጄምስ ሃሪስን አዘጋጁ፤ ሃሪስም በ1969 ለቡፋሎ ቢልስ የዓመቱን የመክፈቻ ጨዋታ በኳርተርባክነት ጀመረ። ቀጥሎ የመጣው ዳግ ዊሊያምስ ነው። ጥር 31 ቀን 1988 ክለቡ ዋሽንግተን ዴንቨርን 42 ለ10 ባሸነፈበት የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውል፣ ዊሊያምስ በሁለተኛው ሩብ ብቻ ለነጥብ የበቁ አራት ኳሶች ወርውሮ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እሱ ነው። አሰልጣኙም በስታዲየሙ ተገኝተው አይተውታል።

የሮቢንሰን ስኬት የቆመበትን መሠረት መርሳት አይገባም። ዘረኛው ሕግ የደቡብን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁር ልጆች በዘጋ ቁጥር ምርጦቹ ወደ ግራምብሊንግ ይመጡ ነበር። በ1970 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተጫዋቾቹን ይዞ ነጮች ብቻ የተሰለፉበትን አላባማን በሜዳው ሲረታ፣ የደቡብ አሰልጣኞች ለውጡ እንደማይቀር ገባቸው። ቀድሞ በራቸውን የዘጉ ተቋማት ሰፊ ስታዲየምና የቴሌቪዥን ሽፋን ይዘው የጥቁር ወላጆችን ደጅ ማንኳኳት ጀመሩ። ፍትሕ ሲመጣ ግራምብሊንግ ተጫዋቾቹን አጣ። አሰልጣኞቹ ግን እንደ ተጫዋቾቹ በፍጥነት አልተፈለጉም፤ በከፍተኛው የኮሌጅ ዲቪዚዮን የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ የተቀጠረው በ1979 ዊሊ ጄፍሪስ ዊቺታ ስቴትን ሲረከብ ነው።

ጥቅምት 5 ቀን 1985 ሮቢንሰን ዳላስ ውስጥ ፕሬሪ ቪውን 27 ለ7 አሸንፈው 324ኛ ድላቸውን ሲያስመዘግቡ፣ የአላባማውን ዝነኛ አሰልጣኝ ቤር ብራያንትን በድል ብዛት አለፉ። ድሎቹ በትንንሽ ኮሌጆች ላይ የተገኙ ስለሆኑ ከብራያንት ጋር አይነጻጸሩም ያሉ ነበሩ። ክርክሩ የሚዘለው ነገር አለ፤ ሮቢንሰን የሚጋጠሟቸውን የመረጡት እርሳቸው አይደሉም። 400ኛው ድል በ1995 መጣ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ግን ከድሉ ሽንፈቱ የበዛባቸው ነበሩ። ይውረዱ የሚለው ግፊት በ1996 ቢበረታም አንድ ተጨማሪ ዓመት ተሰጣቸው፤ በ1997 ኒው ኦርሊንስ ላይ በሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ 30 ለ7 ተሸንፈው ተሰናበቱ። የተካቸው ዳግ ዊሊያምስ ነው። ሮቢንሰን የማስታወስ ችሎታን በሚያጠፋው የአልዛይመር በሽታ ተይዘው ሚያዝያ 3 ቀን 2007 ረስተን ከተማ ውስጥ አረፉ። አስከሬናቸው በባተን ሩዥ በግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ለስንብት ተቀመጠ።

የ408ቱ ክብረ ወሰን በመጀመሪያ የተሰበረው በ2003 ሲሆን፣ የሰበሩት ሚኒሶታ ውስጥ በዝቅተኛ ዲቪዚዮን የሚያሰለጥኑት ጆን ጋግሊያርዲ ናቸው። ሮቢንሰንም በተቆጠሩበት ዲቪዚዮን አንድ የፔን ስቴቱ ጆ ፓተርኖ በ2011 409ኛ ድላቸውን አገኙ። በቀድሞ ረዳታቸው የሕፃናት ጥቃት ወንጀል ሳቢያ በ2012 ከድሎቻቸው 111ዱ ሲሰረዙ ከሮቢንሰን በታች ወረዱ፤ በ2015 ድሎቹ ሲመለሱላቸው ደግሞ በአንድ ጨዋታ ብልጫ እንደገና ቀደሙ።