ላስቲኩ ሳይታይ

በምሠራበት የቨርጂኒያ ጋራዥ ቡና በተፈላ ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ፦ የድሮው የስፖርት መኪና ይሻላል ወይስ የዛሬው የቤት መኪና? በቁጥር ከሆነ ብዙ አያከራክርም። መርሰዲስ 190ኢ 2.3-16 አሜሪካ ሲገባ 167 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የ2018 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ካምሪ ባለ 4 ሲሊንደሩ 203 አለው። ካምሪው ቢከብድም መብራት ሲለቅ ወደኋላ አይቀርም፤ ያውም ልጆች ከኋላ ጭኖ፣ ኤሲ ተከፍቶ።

መርሰዲሱ ግን የዋዛ መኪና አልነበረም። ቴስታታው የእንግሊዙ ኮስዎርዝ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ጣሊያን ናርዶ ላይ 50,000 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 247.9 ኪሎ ሜትር ተነድቷል። በዓመቱ አዲሱ ኑርቡርግሪንግ ሲመረቅ አይርተን ሴና ኒኪ ላውዳን የቀደመውም በዚሁ ሞዴል ነው።

ታዲያ ነድተው የሚመለሱ ደንበኞቼ «መሪው ይዋልላል፣ ኋላው ይወዛወዛል፤ የድሮ መኪና መቼስ እንዲህ ነው» ይሉኛል። እንዲህ አልነበረም። ሊፍት ላይ ሰቅዬ አሳያቸዋለሁ። የኋላ እግሩ በየጎኑ 5 ክንድ አለው፤ ክንዶቹን የሚይዙት የላስቲክ ቡሾች ናቸው። ረጅም ብረት አስገብቼ ስነቀንቅ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ከብረቱ ሲላቀቅ በዓይን ይታያል። ጎማው ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ እሑድ እሑድ ብቻ የሚወጣ መኪና ጎማ አይጨርስም። ጎኑ ላይ ያሉት 4 ቁጥሮች ግን 1913 ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በ19ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ድንጋይ ሆኗል። ካምሪው ሥራና ትምህርት ቤት ሲመላለስ ጎማውን ስለሚጨርስ ሁልጊዜ ለጋ ላስቲክ ላይ ነው። ሰዉ መኪና ከመኪና ያወዳደረ ይመስለዋል እንጂ የሚያወዳድረው የደረቀ ላስቲክና አዲስ ላስቲክ ነው።

ቡሹ፣ ሾኩና ጎማው የተቀየረለት 190ኢ ሌላ ነው። ኩርባ ላይ ጎማው ሊለቅ ሲል መሪው አስቀድሞ ለእጅ ይናገራል። የካምሪው መሪ እንዲህ ያለ ወሬ አያቀብልም። (የ190ኢው አንደኛ ማርሽ ወደ ግራና ወደ ኋላ መሆኑን ያልነገሩት ሰው እንደለመደው ወደ ፊት ይገፋና የኋላ ማርሽ ያስገባል። ከኋላው ለቆመው አዝናለሁ።)

ካምሪውም ቢሆን የሚባለውን ያህል ቀላል አይደለም። የፊት መስታወቱ ሲቀየር መስታወቱ ላይ ያለው ካሜራ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ያም ሆኖ ልጅ ለሚያመላልስ ሰው 10 ኤርባግ ያለውን ካምሪ እንጂ 190ኢን አልመክርም።

አይ፣ 190ኢውን ነው የምፈልገው የሚል ካለ፣ ዋጋ ሲደራደር የቡሽ፣ የሾክና የጎማ ወጪውን ይቀንስ። ሻጩ «ሞተሩ እኮ ንጹህ ነው» ሲለው እሺ ይበልና መኪናውን ሊፍት ላይ ያሰቅል።