የዱር ፍሬና እንጉዳይ በምን ዕቃ ይያዝ?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚኖሩ ምእመናን ከማሳቸው ሰብል ሌላ በዱር የበቀለውን ፍሬም ይመገባሉ። በደጋው እናቶችና እረኛ ልጆች ከየአጥሩና ከየገደሉ ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ዙሪያም እንጆሪ፣ አጋም፣ ቀጋና ኮሽም ይለቅማሉ። ወደ ጃማና ወደ ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ ሾላ፣ ዶቅማና ቁርቁራ ይገኛሉ። እህል ከጎተራ በሚጎድልበት ወራት ይህ ፍሬ ለሕፃናት ትልቅ ድጋፍ ነው። ነገር ግን ብዙው ቤት ሳይደርስ በመንገድ ይበላሻል፤ አንዳንዱም ከተያዘበት ዕቃ መርዝ ይቀበላል። ስለዚህ የመያዣው ምርጫ የጤና ጉዳይ በመሆኑ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ለምእመናን ሊያስረዱት የሚገባ ነው።

ዕቃው ቀድሞ ምን ይዞ ነበር?

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። ዛሬ በየቤቱ በቅርብ የሚገኘው መያዣ ጀሪካን፣ ፌስታልና በተለምዶ “ማዳበሪያ” የሚባለው ጆንያ ነው። ጆንያው ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያ ጭነቱ ነው፤ ዳፕ ወይም ዩሪያ የነበረበት ጆንያ ተራግፎ ንጹሕ ቢመስልም ለሚበላ ነገር መያዣነት አይበቃም። በመድኃኒት የታሸ ዘር የመጣበት ከረጢት ከዚህ ይብሳል። ከሁሉ የከፋው የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ነው።

የመድኃኒቱ ቅሪት ወደ ፕላስቲኩ አካል ስለሚሰርግ ዕቃው ቢታጠብና ሽታው ቢጠፋ እንኳ መርዙ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። የግብርና ባለሙያዎች ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ የሚመክሩት በደኅና እንዲወገድ እንጂ ለምግብ እንዲውል አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም እንዲህ ያለ ዕቃ ለምግብና ለውኃ ፈጽሞ እንዳይውል ያሳስባል። ሕፃናት የለቀሙትን ሳያጥቡ በመንገድ ላይ ስለሚበሉ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ይፈጥናል። ዕቃው ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት መበሳትና ስለ አወጋገዱ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ማቃጠል ግን ጭሱ ስለሚመርዝ አይገባም።

አየር የሚያስገባ፣ ጥልቀቱም ያነሰ

ፍሬ ከተቀጠፈ በኋላም ይተነፍሳል፤ ሙቀትና እርጥበትም ያወጣል። በፌስታል ታፍኖ ሲታሰር እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ ፍሬው ያልበዋል፣ ይሻግታል፣ ይኮመጥጣል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር የመበላሸቱ ፍጥነት ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ከጃማ ሸለቆ በቀትር ፀሐይ ዳገቱን ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በማለዳ መልቀም፣ ዕቃውን በጥላ ማሳረፍና በስስ ጨርቅ ብቻ መሸፈን ይበጃል።

ሁለተኛው ጠላት የፍሬው የራሱ ክብደት ነው። በጥልቅ ዕቃ የታችኛው ይጨፈለቃል፤ የፈሰሰው ጭማቂም የቀረውን ያበላሻል። እንደ እንጆሪ ያለው ለስላሳ ፍሬ ከግማሽ ስንዝር በላይ መከመር የለበትም። ብዙ ከተገኘ በአንድ ትልቅ ዕቃ ከማጨቅ ይልቅ በሁለት ትናንሽ ዕቃዎች መከፈሉ ይሻላል።

ለየፍሬው የሚስማማው

ለእንጆሪ፣ ለዶቅማና ለበሰለ ሾላ አፉ ሰፊ፣ ወለሉም ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ እንቅብ ወይም ቅርጫት ይስማማል። ጭማቂው ስፌቱን እንዳያበላሽ የታጠበ የኮባ ቅጠል ወይም ንጹሕ ጨርቅ ከሥሩ ይነጠፍ። አጋም ሲቀጠፍ ነጭ ወተት ስለሚያወጣ ለብቻው ይያዝ። ቀጋና ቁርቁራ ጠንከር ያሉ ስለሆኑ በንጹሕ የጥጥ ከረጢት ቢያዙም አይጎዱም። ስልቻና አገልግል አየር ስለማያስገቡ ለደረቀ እህልና ለተዘጋጀ ምግብ እንጂ ለእርጥብ ፍሬ አይሆኑም። ቅል ፍሬን ከመጨፍለቅ ቢያድንም ለአጭር መንገድ ብቻ ይጠቅማል።

የአብነት ተማሪ የሚይዘው አኩፋዳ እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባል። የተሰፋ በመሆኑ አየር ያስገባል፤ በትከሻ ስለሚንጠለጠልም ሁለቱን እጆች ነጻ ያደርጋል። በእሾኻም የቀጋና የአጋም ቁጥቋጦ መካከል ለሚለቅም ልጅ ይህ ዐይነት ዕቃ በእጅ ከሚንጠለጠል ፌስታል እጅግ ይበልጣል። ከሥራ በኋላ የተሰፋውን ዕቃ በውኃ ማጠብና በፀሐይ ማድረቅ ሻጋታን ይከላከላል፤ ቅል ደግሞ ታጥቦ በወይራ ይታጠን።

ስለ እንጉዳይ ልዩ ማሳሰቢያ

በክረምት የሚበቅለው እንጉዳይ በፌስታል ከታፈነ የሚበላው እንኳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊበላሽና ሆድ ሊያሳምም ይችላል፤ መያዝ ያለበት በእንቅብ ወይም በቅርጫት ነው። ይሁን እንጂ መልካም ዕቃ መርዛማውን እንጉዳይ የሚበላ አያደርገውም። መቀቀልም ሆነ ማድረቅ ሁሉንም መርዝ አያጠፋም። በአንዳንዱ መርዛማ እንጉዳይ ሕመሙ የሚጀምረው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጉበት መጎዳት ጀምሮ ይሆናል። ስለዚህ በሚገባ የማያውቁትን እንጉዳይ መልቀም አይገባም። የሚያውቅ ሰውም እያንዳንዱን ዐይነት ለየብቻው ይያዝ፤ አንዱ መርዛማ ተሰባብሮ ከሌላው ጋር ከተደባለቀ መለየት አይቻልምና። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ የተረፈው እንጉዳይ ከነሥሩ አብሮ ቢቀርብ ለባለሙያው ይረዳል።

የሰበካው ድርሻ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 የምድር ፍሬ በኵራት በዕንቅብ ሆኖ እንዲቀርብ ታዟል። ያ ዕቃ ዛሬም በእናቶቻችን እጅ ከስንደዶና ከአክርማ ይሰፋል፤ ሣሩ ካለቀ ግን ስፌቱም ያበቃል። ሣርን በሥርዓት መጠበቅ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋ፣ በጊዜው እየተከፈተ ሲታጨድ ኖሯል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ቀጥሏል። ሰበካ ጉባኤያትም በየዐጸዱ ስንደዶና አክርማ የሚበቅልበትን ቦታ ከግጦሽ ከልለው የሚታጨድበትን ጊዜ ሊወስኑ ይችላሉ።

ሦስት ሥራዎች በአጭር ጊዜ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው። ካህናት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የመድኃኒት ዕቃ ለምግብ እንዳይውል ያስታውቁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስፌት ከሚያውቁ እናቶች ዘንድ ትናንሽ እንቅብና አኩፋዳ መስፋት ይማሩ። ሰበካ ጉባኤው በዐጸዱ ውስጥ ፍሬ እንዴት እንደሚለቀም ደንብ ያውጣ፤ ቅርንጫፍ እንዳይሰበር፣ ለወፎችና ለዘር የሚሆንም በዛፉ ላይ እንዲቀር ያዝዝ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይህ ቢጀመር በመጪው የለቀማ ወራት ሕፃናት ፍሬውን በንጹሕ ዕቃ ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።