ተጨማሪ መረጃ፦ በአነስተኛ ወጪ ለሚገጣጠም የጨዋታ ኮምፒውተር ፕሮሰሰርና ግራፊክስ መምረጥ

በጆሃንስበርግ ሰሜን ምዕራብ፣ በሃኒዲው አቅራቢያ እንደሚገኘው ዛንድስፕሩት ባሉ ሰፈሮች በአነስተኛ ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒውተር ለመገጣጠም የሚያስብ ሰው ከዋጋው ባልተናነሰ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ሊመዝን ይገባል፤ የደቡብ አፍሪካው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤስኮም ኃይል በፈረቃ የሚያቋርጥበት አሠራር በ2023 እ.ኤ.አ. እጅግ ከፍቶ ነበርና። ፕሮሰሰር የጨዋታውን ስሌት፣ ግራፊክስ ደግሞ ምስሉን የሚሠራ ክፍል ሲሆን፣ ሁለቱ በአንድ ቺፕ ተጣምረው የሚመጡበትም ጊዜ አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ስድስት ኮሮች፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው የሚያሰሉ ክፍሎች፣ እና አብሮ የተሠራ ግራፊክስ አለው፤ በ65 ዋት ደረጃው ቫሎራንትን የመሰሉ ቀላል ጨዋታዎችን ያለ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ያጫውታል። ይህ ግራፊክስ የራሱ ማህደረ ትውስታ ስለሌለውና የኮምፒውተሩን ራም ስለሚጋራ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 8 መሰካት፣ መረጃው በሁለት መስመር እንዲተላለፍ በማድረግ፣ የጨዋታውን ፍጥነት በግልጽ ያሻሽላል፤ ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። በአንጻሩ የኢንቴል ኮር አይ3-12100ኤፍ ፈጣን ቢሆንም፣ በስሙ መጨረሻ ያለው «ኤፍ» የውስጥ ግራፊክስ እንደሌለው ስለሚያመለክት፣ ያለ ግራፊክስ ካርድ ምስል አያሳይም። ስለዚህ ካርድ መግዣ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ 5600ጂ የተሻለ መነሻ ነው።