ቦዲዋ ሳይሠራ ገዢ ያገኘችው ሚዩራ

እ.ኤ.አ. በ1965 መገባደጃ ላይ ቱሪን ከተማ ውስጥ በተከፈተው የመኪና ትርዒት፣ አንድ ገና ሁለት ዓመት የሞላው ኩባንያ ይዞ የቀረበው መኪና ሳይሆን ሻንሲ ነበር። ጥቁር የተቀባ የብረት አጽም፤ ክብደቱ እንዲቀንስ ሲባል እዚህም እዚያም ተበሳስቷል። አራት ጎማ፣ መሪ፣ ነጭ የጭስ ማውጫ ቱቦዎች፣ ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ ደግሞ ወርዱን ይዞ የተጋደመ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር። በር የለው፣ ኮፈን የለው፣ መስታወት የለው። እንዲያም ሆኖ ከተመልካቹ መካከል «ሲያልቅ ለእኔ ይሁን» ብለው የተመዘገቡ ሰዎች ነበሩ። ቦዲው ምን እንደሚመስል እነሱም ሆኑ ሻጩ አያውቁም።

ሻጩ ፌሩቾ ላምቦርጊኒ ነው። በሰሜን ጣሊያን፣ በኤሚሊያ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ ያደገ ሰው ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሠራዊት የተረፉ ተሽከርካሪዎችን እየፈታ ትራክተር መሥራት ጀመረ። ትራክተሩ አበለጸገው። ሲበለጽግም በዚያ አገር ያለ ሀብታም ሁሉ እንደሚያደርገው ፌራሪ ገዛ። የፌራሪው ፍሪሲዮን ግን አላስቀምጥ አለው። ማራኔሎ ድረስ ሄዶ ለኤንዞ ፌራሪ አቤት ቢል፣ ችግሩ ከመኪናው ሳይሆን ትራክተር ከለመደው ሾፌር ነው የሚል መልስ እንዳገኘ ፌሩቾ ዕድሜ ልኩን ሲያወራ ኖሯል። የሁለት ኩሩ ሰዎች ወሬ ነውና እውነቱን ለተራኪው ልተወው። እርግጡ ነገር በ1963 ሳንታጋታ ቦሎኜዜ በምትባል ትንሽ ከተማ ፋብሪካ መክፈቱ ነው። ቦታውን ሲመርጥ አልተሞኘም፤ ፌራሪም ማዜራቲም ቅርብ ናቸው፣ ብረት ቀጥቅጦ ቦዲ የሚያወጣ፣ ሞተር ከፍቶ የሚገጥም ባለሙያ በየሰፈሩ አለ።

ፌሩቾ የሚፈልገው ምቹ፣ ድምፁ የማይረብሽ፣ ረጅም መንገድ የሚያስኬድ የጨዋ ሰው መኪና ነው። እሽቅድምድም አይፈልግም፤ ገንዘብ የሚበላ ነገር ነው ብሎ ሠራተኞቹን ከልክሎ ነበር። ታዲያ የቀጠራቸው ልጆች ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ጃን ፓኦሎ ዳላራና ፓኦሎ ስታንዛኒ የሚባሉ መሐንዲሶች፣ ቦብ ዋላስ የሚባል ከኒውዚላንድ የመጣ ሞካሪ ሾፌርና መካኒክ። ሥራውን ሲጀምሩ ሦስቱም ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። ከሥራ ሰዓት ውጭ እየተሰበሰቡ ለውድድር የሚሆን፣ ግን ታርጋ ተለጥፎበት መንገድ ላይ የሚነዳ መኪና መንደፍ ጀመሩ፤ ኋላ ሚዩራ የተባለችው ይህች ናት። ንድፉን ሲያሳዩት ፌሩቾ እንዳልተቆጣና ለማስታወቂያ ይሆነናል ብሎ እንደፈቀደላቸው ይነገራል። ብዙ ይሸጣል ብሎ አላሰበም።

ነገሩ ሁሉ ያለው ሞተሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንየው። የአዲስ አበባ ሰው ሞተሩ ከኋላ ነው ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ቮልስ ነው። ቮልስ ላይ ግን ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቹ ወዲያ፣ ጭራው ላይ ነው ያለው። ሚዩራ ላይ ወዲህ ነው፤ በሾፌሩ ጀርባና በኋላ ጎማዎቹ መካከል። ከባዱ ዕቃ መሐል ላይ ሲሆን መኪና ለመጠምዘዝ ቀላል ይሆናል፤ መሪውን ገና ስትነካው አፍንጫው ይታዘዝሃል። ይህን የእሽቅድምድም መኪና ሠሪዎች ቀድመው ደርሰውበት፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፎርሙላ 1 መኪኖች ሁሉ ሞተራቸውን ከሾፌሩ ጀርባ አድርገው ነበር። የመንገድ መኪና ላይ ሲመጣ ግን ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ረጅም ነው። ርዝመቱን ይዞ ተቀምጦ ካምቢዮ ከተቀጠለበት መኪናው አውቶቡስ ሊያክል ነው።

ዳላራ መፍትሔውን ያገኘው ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከእንግሊዟ ሚኒ ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ በ1959 ያወጣት ያቺ ሚጢጢ መኪና ሞተሯ ወርዷን ይዞ የተጋደመ ሲሆን ካምቢዮው እዚያው ሥሩ ተሸጉጧል። ሆንዳም በዚያው ሰሞን ፎርሙላ 1 ላይ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር አጋድሞ ይወዳደር ነበር። የሳንታጋታ ልጆችም የሞተሩን ብሎክና የካምቢዮውን ቤት አሉሚኒየም አቅልጠው ባንድ ላይ ሠሩት። 3,929 ሲሲ፣ 350 የፈረስ ጉልበት ያለው ነገር ከወንበሩ ጀርባ ገጥ ብሎ ገባ። መዘዝም አብሮ ገባ። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ከማርሽ ጥርስ የሚረግፈው የብረት ብናኝ በዚያው ዘይት ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ዘይቱ የተለያየው መጨረሻ ላይ በተሠሩት ጥቂት ሚዩራዎች ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ሚዩራን ሞተሯ መሐል ላይ የሆነ የመጀመሪያዋ የመንገድ መኪና አድርጎ ያወራል። አይደለችም፤ ፈረንሳዊው ሬኔ ቦኔ በ1962 ትንሽ ሞተር ያላት አንዲት አውጥቶ ነበር። የሚዩራ አዲስነት እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ሞተር መግባቱና ለገዢ በገበያ መቅረቡ ነው። ኤንዞ ፌራሪ ባለ 12 ሲሊንደር የመንገድ መኪናውን ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ አድርጎ ለደንበኛ ማስረከብ የጀመረው በ1973 ነው።

ወደ ትርዒቱ እንመለስ። ቦዲ ሠሪዎቹ ሁሉ ሻንሲውን ሲያዩ ከርመው፣ ኑቾ ቤርቶኔ ዘግይቶ ብቅ አለና ለዚህ እግር የሚሆነውን ጫማ የምሰፋው እኔ ነኝ አለ ይባላል። ሥራው የተሰጠው ማርቼሎ ጋንዲኒ ለሚባል የ27 ዓመት ወጣት ነው። ጋንዲኒ በቤርቶኔ ቤት የጆርጄቶ ጁጃሮን ወንበር የተረከበው ገና በዚያ ሰሞን ነበር። መኪናዋ ለመጋቢቱ የጄኔቫ ትርዒት መድረስ ነበረባት፤ ደረሰችም፤ ብርቱካንማ ሆና። ከዚያ ወዲህ መስመሮቹ የጋንዲኒ ናቸው ወይስ ጁጃሮ ትቶት የሄደው ንድፍ አለበት የሚለው ክርክር አላባራም። እኔ የጋንዲኒ ናት ባይ ነኝ፤ ከእሷ በኋላ ያወጣውን ያየ ሰው እጁን ያውቀዋል።

ቁመቷ ከመሬት አንድ ሜትር ከጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የኋላ መስታወት በሚሆንበት ቦታ ጥቋቁር ተደራራቢ ክንፎች ተደርድረዋል፤ የሞተሩ ትኩሳት የሚወጣው በእነሱ መካከል ነው። የፊት መብራቶቹ ሲጠፉ ወደ ኋላ ጋደም ብለው ሰማይ ያያሉ፣ ሲበሩ ቀና ይላሉ። ዙሪያቸው ላይ የተሰኩትን ጥቋቁር ዘንጎች ወዳጆቿ ሽፋሽፍት ይሏቸዋል። እንዲህ ያለ ጌጥ ያላት መኪና የመብራት መስታወት የወሰደችው ግን ከተራዋ ፊያት 850 ስፓይደር ነው። ትንሽ ፋብሪካ ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም። ሁለቱን በሮች ከፍቶ ከፊት ለፊቷ የቆመ ሰው የበሬ ቀንድ ያያል፤ ስሟም የመጣው ከበሬ ነው። ሴቪል አጠገብ ለበሬ ፍልሚያ የሚሆኑ ኮርማዎችን የሚያረባ ሚዩራ የሚባል ቤተሰብ አለ። ፌሩቾ በኮከብ ቆጠራ በሬ ስለሆነ የኩባንያውም ምልክት በሬ ነው።

መልኳን ብቻ አይቶ የገዛት ሰው ኑሮው ቀላል አልነበረም። ከወንበሩ ጀርባ፣ ከጭንቅላት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አንዲት ቀጥ ያለች መስታወት አለች፤ ከመስታወቷ ወዲያ አራት ትልልቅ የቬቤር ካርቡራተሮች፣ እያንዳንዳቸው ባለ ሦስት ጉሮሮ፣ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ተቀምጠዋል። ሲሞቅ የሚያገሳው፣ የሚያፏጨው፣ ሰንሰለቱ የሚያንቋርረው ሁሉ እዚያው ጆሮ ሥር ነው። ካርቡራተሮቹ የተሠሩት ለውድድር፣ ነዳጅ ተረግጦ ለሚኬድበት መንገድ ነው። ሚላን ወይም ሮም ውስጥ መብራት ይዟት ስትቆም ቤንዚኑ ጠብ ጠብ እያለ በጉሮሮው መክፈቻ ላይ ይጠራቀማል። አረንጓዴ በርቶ ሾፌሩ ድንገት ሲረግጠው ሞተሩ ወደ ላይ ካስነጠሰ ያ የተጠራቀመው ቤንዚን ይያያዛል፤ ሥሩ ያለው የጋለ ሞተር ነው። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ሚዩራዎች ጥቂት አይደሉም። የዛሬዎቹ መካኒኮች ነዳጁ እንዳይጠራቀም የሚያደርግ ማሻሻያ ያስገቡላታል። ባለቤቷም ቢሆን የእሳት ማጥፊያውን ከወንበሩ አያርቅም።

ሌላው ጣጣዋ ሩጫ ላይ ነው። ፋብሪካው በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይል ነበር፤ ያን ያህል ስትጠጋ አፍንጫዋ ከመሬት እየቀለለ መሪው ባዶ ባዶ ይላል። የነዳጅ ታንኩ ፊት ለፊት ስለሆነ ቤንዚኑ እያለቀ ሲሄድ ይብሳል። ጋንዲኒ መስመሩን የሳለው በዓይኑ እንጂ በንፋስ መሞከሪያ ውስጥ አስገብቶ አይደለም፤ ጊዜውም አልነበረም። ዋላስ በየመንገዱ እየነዳ ያገኘውን ጉድለት ለመሐንዲሶቹ ሲያቀብል፣ በ1968 ባለ 370 የፈረስ ጉልበቷ ኤስ፣ በ1971 ደግሞ ባለ 385ቷ ኤስቪ ወጣች። ኤስቪ የኋላ ጎማዋ ሰፊ፣ አካሄዷም የተረጋጋ ነው፤ ገበያ ላይ ከሁሉ የምትወደደውም እሷ ናት፤ ዛሬ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ታወጣለች። ግን ሽፋሽፍቷን ነቅለውታል። ለዓይን ከሆነ እኔ የፊተኛዋን እመርጣለሁ፤ ቀጭን ጎማዋና ባለ ሽፋሽፍት መብራቷ አብረው የታሰቡ ናቸው።

እስከ 1973 ከ760 በላይ ተሠርተዋል። ፍራንክ ሲናትራ አንዷን ገዝቷል። የጃዙ ሰው ማይልስ ዴቪስም ነበረው፤ በ1972 ኒውዮርክ ላይ ተጋጭቶ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቱን ተሰብሯል። በዚያው ዓመት ፌሩቾ ከኩባንያው ግማሽ በላይ የሚሆነውን ድርሻ ሸጠ፤ ቀሪውንም ሁለት ዓመት ቆይቶ ለቀቀና ኡምብሪያ ወርዶ ወይን ተከለ። አንዱን የወይን ጠጁን የሚዩራ ደም ብሎ ሰየመው። ኩባንያው ከስሮ፣ ከእጅ እጅ ዞሮ፣ በ1998 የጀርመኑ አውዲ እጅ ገባ። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ኡሩስ የሚባል ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ፌሩቾ ቢያየው ይደሰት ነበር ብዬ አስባለሁ። በ2023 ያወጣው ሬቩዌልቶ ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተር ታክሎለት ከ1,000 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር ግን አሁንም ያለው ከሾፌሩ ጀርባ ነው።

ፋብሪካው የድሮ መኪኖቹን የሚያድስና መዝገባቸውን የሚጠብቅ ክፍል አለው። በ2019 ይህ ክፍል ያረጋገጣት አንዲት ሚዩራ ወዳጆቿ ለሃምሳ ዓመት ሲፈልጓት የኖሩት መኪና ናት። «ዘ ኢታሊያን ጆብ» የተባለው የ1969 ፊልም ሲጀምር አንዲት ብርቱካንማ ሚዩራ በአልፕስ ተራራ መንገድ ስትጥመዘመዝ ትታያለች፤ ከዚያም ዋሻ ውስጥ ገብታ ትከሰከሳለች። የተከሰከሰችው ሌላ፣ አስቀድሞ በአደጋ የተጎዳች ሚዩራ ስትሆን፣ ያቺ ስትነዳ የታየችው ግን ለአዲስ ገዢ የታዘዘች ስለነበረች ቀረጻው እንዳለቀ ተመልሳ እንደ አዲስ ተሸጣለች። ገዢዋ ያዘዘው ነጭ የቆዳ ወንበር ነው። እንዳይቆሽሽ ብለው ለቀረጻው ጥቁር ወንበር ቀየሩላት፤ የጭንቅላት መደገፊያዎቹን ግን አልነኳቸውም። ፊልሙን ደጋግሞ እያቆመ የሚያይ ሰው በጥቁሮቹ ወንበሮች ላይ ሁለት ነጫጭ መደገፊያዎች ያያል። ፋብሪካው መዝገቡን አገላብጦ፣ በጊዜው መኪናዋን ለቀረጻ ያደረሰውን የቀድሞ ሠራተኛውን ጠይቆ፣ ሊችተንስታይን ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ያለችው የሻንሲ ቁጥር 3586 ያቺው ናት ብሎ አጽድቋል።