ያውቁ ኖሯል? የኦቶማን አሮጌ ጠመንጃ እስከ ዛሬ ጎርሶ ሊገኝ ይችላል

በአፈሙዙ የሚጎርሰውን የኦቶማን ዘመን ጠመንጃ የሚያድስ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነሳው ብሩሽ ሳይሆን ዘንግ ነው። ዘንጉን በአፈሙዙ እስከ መጨረሻው ሰድዶ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ አውጥቶ በበርሜሉ ጎን ይለካዋል። ምልክቱ እሳት ከሚገባባት ቀዳዳ በብዙ አጥሮ ከቀረ፣ ውስጡ ባሩድና እርሳስ ሳይኖር አይቀርም። ጥቁር ባሩድ ደግሞ እርጥበት ካላገኘው ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል።

ብዙዎቹ የቱርክ በርሜሎች ብረትና አረብ ብረት ተጠማዝዞና ተቀጥቅጦ የተሠሩ ናቸው። ላያቸው ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የሚታየው መስመር የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ በርሜሉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማንጸባረቅ እድሳት ሳይሆን ጥፋት ነው።

(መሣሪያው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1542 ወፍላ ላይ የግራኝ አህመድ ጦር ፖርቱጋላዊውን ክርስቶቫኦ ዳ ጋማን ድል ያደረገው በኦቶማን ነፍጠኞች እርዳታ ነበር።)

እንዲህ ያለውን አሮጌ ጠመንጃ ዛሬም የሚተኩሱ ሰዎች በርሜሉን ካስመረመሩ በኋላ የሚያጎርሱት ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው፤ ጭስ አልባው ግፊቱ ስለሚበረታ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። የጥቁር ባሩድ ቅሪት እርጥበት ስቦ ስለሚያዝግም፣ በርሜሉ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ ዘይት ይቀባል።

እርስዎም ከአያት የወረሱት አሮጌ ጠመንጃ ካለ፣ ለባለሙያ ሳያሳዩ ቃታውን አይሳቡ።